የጥጥ ጣት

መቱ ውስጥ ዝናብ ስልክ ይደውላል። ቀልድ እንዳይመስልዎ። ሰዓት ለማየት ታች ስልክዎን ከኪስዎ ያወጣሉ፤ አንዲት ጠብታ መስታወቱ ላይ ዱብ ትላለች፤ ሁለተኛዋ ትከተላለች፤ ሦስተኛዋ ካቻምና በድንበር ተጣልተው ከተኳረፉት ሰው ስም ላይ ታርፋለች። ወዲያው ከዚያ ማዶ "ሃሎ!" የሚል ድምፅ ይመጣል። ምን ይሉታል? "እኔ አይደለሁም፣ ዝናቡ ነው" ቢሉት የአዲስ አበባ ሰው አሾፈብኝ ብሎ ይቀየማል። የጎሬ ሰው ግን ያምንዎታል፤ እሱም ሳያስበው ለአማቱ ደውሎ ያውቃልና። በኢሉባቦር ስንቱ የተኳረፈ በክረምት አስታራቂነት እንደታረቀ የሚመዘግብ ቢገኝ አንድ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

አገሩ የዝናብ አገር ነው። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድበታል። ሌላው አገር ደመና ሲያይ እጁን ዘርግቶ ይለምናል፤ የእኛ ሰው ደመና ሲያይ ያሰጣውን ቡና ለመሰብሰብ ይሮጣል። ክረምቱ ሰኔ ሳይገባ ይጀምርና መስከረም ጠብቶም አልወጣም ይላል። ታች ስልክና ታብሌት የሚሠሩት ሰዎች ይህንን አላወቁም። ቢያውቁማ ኖሮ መቱ መጥተው አንድ ክረምት ይቀመጡና፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ጭቃ ረግጠው፣ እንደገና ያስቡበት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስታወቱ ሥር ለዓይን የማይታይ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን አለ፤ ኢንዲየምና ቲን ከሚባሉ ማዕድናት ኦክሳይድ የተሠራ ነው። በዚያ ሽፋን ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መስክ ተዘርግቶ ይጠብቃል። የሰው ገላ ደግሞ ጨው ያለበት ውኃ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጣትዎ ሲጠጋ ከመስኩ ጥቂት ይወስዳል፤ ታብሌቱም "እዚህ ጋ ጎደለብኝ" ይልና ቦታውን ያሰላል። ጉልበት አይቆጥርም። መስታወቱ እንቢ ሲላቸው አውራ ጣታቸውን አጥብቀው የሚጫኑ ሰዎች ድካማቸው ለከንቱ ነው፤ የሚያተርፉት ቢኖር የተሰነጠቀ መስታወት ብቻ ነው። ዝናብ ውኃ ነው፤ ስለዚህ ይነካል። የእንጨት ስንጥር ደረቅ ነው፤ ስለዚህ አይነካም። የጥፍር ጫፍም እንዲሁ። ታብሌቱ ሰው መሆንዎን አያውቅም፤ እርጥብ መሆንዎን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በማልቨርን የራዳር ምርምር ተቋም ሳለ በጣት የሚነካ ስክሪን እንዴት እንደሚሠራ በ1965 እ.ኤ.አ. ጽፎ አሳትሟል። ያሰበው ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ነበር። የበረራ ተቆጣጣሪ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ በለስላሳ ጣት የሚሠራ ሰው ነው። ቡና አይለቅምም። ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቡና የለቀመ እጅ አይተው ያውቃሉ? የቀዩ ፍሬ ልጣጭ ሲፈነዳ ጣፋጭ ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫው ጣት ላይ ይደርቅና ይጠቁራል፤ በላዩ አቧራና ቅጠል ይለጠፍበታል። ከሥሩ ደግሞ የገጀራና የመቆፈሪያ እጀታ ዕድሜ ልኩን ያደነደነው ቆዳ አለ። ይህ እጅ ሸክም ያነሳል፣ እሳት ይጨብጣል፣ ቀፎ ይሰቅላል፤ ማር ሲቆርጥም ንብ አይበግረውም። መስታወት ፊት ሲቀርብ ግን የለም። ደንዳና ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍምና ታብሌቱ "ማንም አልነካኝም" ይላል። በዚህ ላይ የሞባይል ቤቱ ልጅ እንዳይሰበር ብሎ ወፍራም መስታወት ለጥፎበት ከሆነ፣ በቃ፣ ግድግዳ መንካት ይሻላል።

ታዲያ ገበሬ ታብሌት ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። እሱ ባይፈልገውም ታብሌቱ ይፈልገዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ መዝገቧን በታብሌት መያዝ ጀምራለች። ቆጠራም ቢመጣ በታብሌት ነው፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ያልተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010 ታስቦ ደጋግሞ ሲራዘም፣ የተገዛለት 180 ሺህ ታብሌት ቆጣሪዎቹን ቀድሞ አገር ውስጥ ገብቶ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን የመጣው ከአውሮፓ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ደንብ፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱ እንዲረጋገጥ ያዛል። የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ በመጋጠሚያ ነጥብ ይመዘገባል፤ ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይሳላል፤ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃዋል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም ምዝገባው አልተራዘመም። ስለዚህ ታብሌት የያዘ ወጣት ያዮ ጫካ ውስጥ ገብቷል። ያዮ ማለት ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ደኑን የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ብሎ የመዘገበው፣ ቡና ከጥላ ዛፍ ሥር በራሱ የሚበቅልበት አገር ነው። እዚያ ደግሞ ዝናቡ ቢያቆም እንኳ ዛፉ አያቆምም። ልጁ ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልሎ ነጥቡን ሊጭን ሲል ከላይ ከቅጠሉ አንዲት ጠብታ ቀድማው ትጫናለች፤ የአንዱ ገበሬ ማሳ ባሮ ወንዝ መሃል ይገኛል። ብራስልስ ያለው ባለሥልጣን ካርታውን አይቶ ምን እንደሚያስብ እንጃ። የኢሉባቦር ሰው ቡና የሚያበቅለው ውኃ ውስጥ ነው ብሎ ቢያምን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም።

የፊርማው ነገር ደግሞ ይለያል። አንድ የገጠር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ዝናብ ተጠልዬ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። ወጣቱ የግብርና ባለሙያ ታብሌቱን በሁለት እጁ ይዞ ለአንድ አዛውንት አቀረበ።

"ኦቦ፣ እዚህች ሣጥን ውስጥ ይፈርሙልኝ።"

"በምን?"

"በጣትዎ።"

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩት። "ልጄ፣ እኔ በጣት መፈረም የተውኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ሰርተፊኬት አለኝ።"

እውነታቸውን ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ሲጀመር፣ በአስራ አምስት የአገሪቱ ቋንቋዎች ሚሊዮኖች ፊደል ሲቆጥሩ፣ የአውራ ጣት አሻራ ከነቀለም ሣጥኑ እያፈረ ከጠረጴዛ ወርዶ ነበር። አሁን ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ ዶክተሩም፣ ደብዳቤ አስጽፎ የሚልከውም እኩል በጣት ፈራሚ ሆነው ቁጭ አሉ። የዶክተሩ ፊርማማ ታብሌት ላይ ሲታይ ከመሠረተ ትምህርት ወድቆ የቀረ ሰው የፈረመው ነው የሚመስለው።

አዛውንቱ አልተበገሩም። ከደረት ኪሳቸው እስክሪፕቶ መዘዙና መስታወቱ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ምንም የለም። ቀለሙ የነጠፈ መስሏቸው ጫፉን በምላሳቸው እርጥብ አድርገው ደገሙት። ይህ የኮፒ እርሳስ ዘመን ልማድ ነው፤ ያኔ ጸሐፊ ሁሉ ምላሱ ወይን ጠጅ ቀለም ነበረው። አሁንም ምንም የለም። ባለሙያው በጨዋ ደንብ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ። መሳቅ ግን አልነበረበትም፤ አዛውንቱ ሳያውቁት ግማሹን መልስ አግኝተውት ነበር። የጎደላቸው ጥጥና ፎይል ነው።

ወደ ጥጡ ከመግባታችን በፊት ገንዘብ ያለው ምን ያደርጋል የሚለውን እንይ። በ2007 እ.ኤ.አ. ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ሲያስተዋውቅ በብዕር የሚነኩትን መሣሪያዎች አሾፈባቸው፤ ሁላችንም ይዘናቸው የተወለድናቸው አሥር ጣቶች እያሉ ብዕር ምን ይሠራል ነበር ነገሩ። እሱ ካለፈ በኋላ፣ በ2015፣ የገዛ ኩባንያው ብዕር ሠርቶ በ99 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በዛሬው ምንዛሬ ከ10 ሺህ ብር ይበልጣል። ባትሪ አለው፣ ይሞላል፣ ሲጠፋም ያስለቅሳል። ደግሞም ከዚያው ኩባንያ ታብሌት በቀር ሌላው ላይ አይጽፍም፤ በዱቤ የገዙት የቻይና ታብሌት ላይ ቢያሳርፉት ከአዛውንቱ እስክሪፕቶ የተሻለ ነገር አይሠራም።

ርካሾቹ፣ ጫፋቸው የጎማ ጉልላት ያላቸው፣ መርካቶ ይገኛሉ። መርካቶና መቱ መካከል ግን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ዱሮ ቢሆን ዕቃ በሌላ በኩል ይመጣ ነበር፤ ከካርቱም የተነሣ የእንፋሎት መርከብ በባሮ ሽቅብ ጋምቤላ ይደርስና ሸቀጡን አራግፎ፣ ከጎሬና ከአካባቢው በበቅሎ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለስ ነበር። ጎሬም የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጠባት፣ ነጋዴ የሚርመሰመስባት ከተማ ነበረች። መርከቡ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ፣ በክረምት ነው። አያቶቻችን ዝናብ ሲጥል ዕቃ መጣ ይሉ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ዝናብ ሲጥል አውቶብሱ በደሌ አድሯል እንላለን። ያዘዙት ብዕር እስኪደርስ የታብሌቱ ባትሪ ያረጃል።

እንግዲህ በእጅ ያለውን እንሥራ። የሚያስፈልገው ቀለሙ ያለቀ እስክሪፕቶ፣ አንድ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ የመዳፍ ስፋት ያላት የምግብ መጠቅለያ ፎይልና ትንሽ ስኮች ነው። መቱ ውስጥ ይህን ሁሉ አንድ ሱቅ ያገኙታል፤ እስክሪፕቶውን ደግሞ ከተማሪ ቦርሳ ሥር። ወጪው አንድ ስኒ የጀበና ቡና አይሞላም።

የእስክሪፕቶውን ጫፍ በጥርስዎ ነክሰው ቀለሙን ከነቱቦው ይጎትቱት። ጥርስ ካልተነካ እስክሪፕቶ አይፈታም፤ ይህን ትምህርት ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። የጆሮ ማጽጃውን ከአንድ ወገን ቆርጠው፣ የቀረውን ጥጡ ወደ ውጭ እንዲሆን በባዶው የእስክሪፕቶ ቀፎ አፍ ያስገቡት። ጥጡ የጥፍር ያህል ብቅ ብሎ ይቅር፤ ከረዘመ ይልከሰከሳል፣ ካጠረ ፕላስቲኩ መስታወቱን ይገርፈዋል። ልል ከሆነ ቁራጭ ወረቀት ይወትፉበት። አሁን ወደ ፎይሉ። ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ነው። ፎይሉ የጥጡን ሥር በደንብ ማቀፍ አለበት፤ ከዚያ በቀፎው ላይ እየተጠመጠመ ጣትዎ እስከሚይዝበት ቦታ ይወርዳል። ከላይ በስኮች ያስሩት፤ ነገር ግን ጣትዎ የሚያርፍበትን በስኮች አይሸፍኑት። ብዙ ሰው ዕቃው እንዲያምር ብሎ ዙሪያውን በስኮች ያሽገዋል፤ የሚያምር፣ የማይሠራ ዕቃ ይሆናል። መንገዱ ከመስታወት ወደ ጥጥ፣ ከጥጥ ወደ ፎይል፣ ከፎይል ወደ እጅዎ መቀጠል አለበት። አንድ ቦታ ከተቋረጠ በቃ፣ ወደ አዛውንቱ እስክሪፕቶ ተመለሱ ማለት ነው።

በመጨረሻ ጥጡን ያርጥቡት፤ ይጭመቁት። ካልረጠበ ዝም ይላል። ውኃው ከበዛበት ደግሞ መስታወቱ ላይ ኩሬ ይሠራና እንደ ክረምቱ ያሻውን ይደውላል። በደረቅ አገር ጥጡ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፤ እየነከሩ መሥራት ነው። መቱ ውስጥ በሐምሌ ይህን ችግር አያውቁትም፤ አየሩ ራሱ ያረጥበዋል። ከአዲስ አበባ የምንበልጥበት ነገር ሲገኝ መናገር ነውር የለውም። ምራቅም ይሠራል፤ ጨው ስላለበት እንዲያውም ጥሩ ያስተላልፋል። ታብሌቱ የመሥሪያ ቤት ከሆነና ተረካቢ ካለ ግን ውኃ ይሻላል።

የማስቲካ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀትም ለጊዜው ያገለግላል፤ ላብ ሲነካው ግን ይላላጣል። ቸኮልኩ፣ ምንም የለኝም ላለ ሰው ደግሞ ሙዝ አለ። ኮሪያውያን በ2010 እ.ኤ.አ. በከባድ ብርድ ጓንት ማውለቅ ሰልችቷቸው በቋሊማ ስልክ ይነኩ እንደነበርና የቋሊማው ሽያጭ ከፍ እንዳለ ተዘግቧል። እርጥብ ሥጋ ያለው ነገር ሁሉ ይነካል። ሙዝ መቱ ገበያ ሞልቷል፤ ዋጋውም አይጎዳም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ በሙዝ ገጽ ሲገልጥ ማየት ግን እስኪለመድ ይከብዳል።

ይህ የጥጥ ጣት የማይሆንለትን ልንገርዎ። ሥዕል አይስሉበትም። ጫፉ ሰፊ ነው፤ ጠባብ ቢሆን ታብሌቱ አያውቀውም። መዳፍዎን መስታወቱ ላይ አሳርፈው መጻፍም አይችሉም፤ ታብሌቱ የመዳፉንም ነው የሚሰማው። ለፊርማ፣ ቁልፍ ለመጫን፣ ነጥብ ለማስቀመጥና ለመጻፍ ግን አጃኢብ ነው። በተለይ ለአማርኛ። ፊደላችንን ከነሰባት ቤቱ በመዳፍ ስፋት ላይ ደርድረው ሲያበቁ፣ ደንዳና አውራ ጣት አንዱን ነክቶ ሦስቱን ይጭናል። "መጥቻለሁ" ሊል "መጥታለች" ብሎ ለሚስቱ የላከ ሰው እቤቱ ሲደርስ ማስረዳት የነበረበት ስለ ኤሌክትሪክ መስክ ነበር፤ ማን ይሰማዋል? በቁቤ የሚጽፈውም አላመለጠም፤ አናባቢ አንዴ የነካ መስሎት ሁለቴ ሲነካ ቃሉ ሌላ ይሆንበታል።

እስካሁን በየቤቱ ሲያገለግል የኖረው ብዕር ልጅ ነው። "ና እስቲ፣ ይቺን ንካልኝ" ይባላል፤ ልጁ ይነካል። የልጅ ጣት ቀጭን ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሁልጊዜም በሆነ ነገር እርጥብ ነው። የታብሌት ሠሪዎቹ ሐሳብ ለእሱ የተስማማ ነው። በ2004 ዓ.ም. ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ትምህርት ቤት ያላዩ ሕፃናት አንድ የአሜሪካ ድርጅት ታብሌት በታሸገ ሣጥን ትቶላቸው ሄደ፤ አስተማሪ የለ፣ መመሪያ የለ። የድርጅቱ መሥራች ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን ለማግኘት ደቂቃዎች በቂያቸው ነበር፤ በአምስት ወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ተገኙ። የልጅ ጉዳቱም ይኸው ነው። ከ2013 ወዲህ ቴሌብር መጥቷል። "ንካልኝ" ያሉት ልጅ የምስጢር ቁጥርዎን ያውቃል፣ ቀሪ ሂሳብዎን ያውቃል፣ ለማን ስንት እንደላኩ ያውቃል፤ ደብተር መግዣ የለኝም ቢሉት ፈገግ ብሎ ያይዎታል። የጥጥ ብዕር ይህን ሁሉ አያይም።

በኢሉባቦርና በቡኖ በደሌ ታብሌት ለምታከፋፍሉ ቢሮዎች በሙሉ አንድ ልመና አለኝ። ከቻርጀሩ ጋር አንድ እሽግ የጆሮ ማጽጃና አንድ ጥቅል ፎይል ጨምሩበት፤ የሥልጠናው የሻይ ወጪ ውስጥ ቢጨመር ማንም አያውቀውም። አዛውንቶቻችንም ብዕር ይዘው ይፈርሙ፤ ሰርተፊኬት አላቸው። እርስዎም አንባቢ፣ ያለቀ እስክሪፕቶ አይጣሉ። ጥጡን ግን አዲሱን ይጠቀሙ፤ ጆሮ የገባውን ታብሌቱ አይለየውም፣ ቀጥሎ የሚፈርመው ሰው ግን ይለየዋል።